ስንቅ፣ የእግር ውሃና ፍልውሃ፦ የመንገደኛ አያያዝ በቀድሞው ዘመን

በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል ባቡርና መኪና ከመግባታቸው በፊት፣ ቤተሰብ ይዞ መንገድ መውጣት በእግርና በበቅሎ ቀናትን፣ ሲርቅም ሳምንታትንና ወራትን የሚፈጅ ሥራ ነበር። ሰው ከነቤተሰቡ የሚነሣው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ፣ ለጠበል፣ ለሹመት ወይም ለዘመቻ ነው፤ ለመዝናናት ብሎ ልጆቹን ይዞ ገደል የሚወርድ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጉዞው እንዲህ ከባድ በመሆኑ ገላን ከድካም፣ ከፀሐይ፣ ከንዳድና ከእሾህ መጠበቅ የራሱ ሥርዓት ወጥቶለታል። ሥርዓቱ ለተጓዡ ብቻ የተተወ አይደለም። በመነሻው በቤት እመቤቲቱና በጎረቤቶቿ፣ በመንገድ በአሽከርና በገረድ፣ በመድረሻው ደግሞ በተቀባዩ ቤተሰብ ላይ የተደለደለ ግዴታ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ወቅቱ ነው። ክረምት ሲገባ አባይ፣ ተከዜና ገባሮቻቸው ስለሚሞሉ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለሩቅ መንገድ የተዘጋ ነበር። ነገሥታቱም ጦራቸውን አሳርፈው በአንድ ስፍራ ይከርሙ ነበር። ጉዞ የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ይሁን እንጂ ውሃው መጉደል የሚጀምርበት ይህ ወቅት ቆላው በንዳድ፣ ማለትም በወባ፣ የሚታመስበትም ነው። ስለዚህ የአባይን ወይም የተከዜን በረሃ የሚያቋርጥ መንገደኛ ጎሕ ሳይቀድ ቁልቁለቱን ይጀምርና፣ ወንዙን ተሻግሮ ሳይመሽ ወደ ደጋው ለመውጣት ይጣደፋል። ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ይዞ በአንድ ቀን መውጣት ያልቻለ ከወንዙ ርቆ፣ ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድራል። በሽታውን የሚያመጣው የቆላው መጥፎ አየር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የደጋው ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም ልማዱ ልክ ነበር፤ የወባ ትንኝ በብዛት የምትናደፈው ሲመሽና በሌሊት ነውና።

ስንቅ መሰናዳት የሚጀምረው ከጉዞው ቀናት አስቀድሞ ነው። ዋናው እህል ገብስ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮና ታምሶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል። በሶ በውሃና በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ወፈር አድርገው ሲለውሱት ጭብጦ ይሆናል፤ ማር ወይም የተነጠረ ቅቤ ከተገኘ ደግሞ ሕፃን፣ ሽማግሌና አራስ የሚጠግብበት ምግብ ነው። ከዚህ ጋር ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በፀሐይ የደረቀ የእንጀራ ድርቆሽ፣ በበርበሬና በጨው የታሸ ቋንጣ ይዘጋጃል። በኦሮሞ ቤቶች የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚሠራው ጭኮ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ የመንገድ ምግብ ነበር፤ ዛሬም ነው። ዱቄቱ በስልቻ፣ ውሃው በቅል፣ ማርና ቅቤው በቀንድ ይያዛል። በቆዳ የተለበጠው አገልግል ግን ለመጀመሪያው ቀን እንጀራና ወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባዶውን ይንጠለጠላል።

የእነዚህ ምግቦች ጥበብ እሳት የማይፈልጉ መሆናቸው ነው። ደክሞት የሰፈረ ሰው እንጨት ልቀም፣ ምጣድ ጣድ አይባልም። ታምሰውና ደርቀው የተዘጋጁ ስለሆኑ አይሻግቱም፤ ክብደታቸውም ትንሽ ነው። በሶ ደግሞ ውሃና ጨው አብሮ ስለሚያስገባ ላብ የወጣውን ሰው ያበረታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚጾም በመሆኑም በሶና ቆሎ በየትኛውም ቀን ከስልቻ ሊወጡ የሚችሉ ናቸው፤ ቋንጣው ግን የፍስክ ቀን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ሲሰናዳ ዋናው ሸክም የሴቶቹ ነበር። አንድ ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት መንገድ የሚበቃውን ዱቄት በእጅ ወፍጮ ለመፍጨት ሌሊት ሌሊት ይሠራ ነበር፤ ጎረቤት ካላገዘ እመቤቲቱ መንገዱን የምትጀምረው ደክማ ነው።

የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ከብቱ ነው። የሲራራ ነጋዴዎች ልማድ ጎሕ ሲቀድ ጭኖ መነሣት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አራግፎ መስፈር ነበር፤ በቅሎውና አህያው ሣር የሚግጡት፣ ጀርባቸውም የሚያርፈው ከሰዓት በኋላ ነውና። ይህ ልማድ የተሠራው ለከብቱ ቢሆንም ሰውን ከቀትር ፀሐይ ያሳርፈው ነበር። ቤተሰብ የያዘ መንገደኛ ከሲራራው ጋር ሲቀላቀል ለደኅንነቱ ሲል ነው፤ ከሽፍታ ይድናል፣ የሲራራውን አለቃ፣ የነጋድራሱን፣ የሰፈር ምርጫና የውሃ ዕውቀት ያገኛል። ብቻውን ከሆነ ደግሞ ከዚያ ባጠረ እርምጃ ይሄድ ነበር። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚባለው በእርግጥም ልጅ ለያዘ መንገደኛ የሚስማማ ነው።

በበቅሎ የሚቀመጡት አዛውንቶች፣ ወይዛዝርትና ሹማምንት ናቸው። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ የተመረጠችው ገደል ላይ እግሯ ስለሚጸና፣ አካሄዷም ስለማያነጥር ነው። የአገሩ እርካብ ጠባብ ሆኖ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ነበር፤ ተቀማጩ በአብዛኛው ባዶ እግሩን ስለሆነ ይመቸዋል። ሕፃናት በአንቀልባ በእናት ወይም በሞግዚት ጀርባ ይታዘላሉ። አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በጋቢ መሸፈን ከአቧራና ከብርድ መጠበቂያ ነው፤ ጭምቷ ወይዘሮ ደግሞ ፊቷን ከሰው ዓይን ትሰውርበታለች። ከእነርሱ ኋላ ገረዶች እንስራ፣ ገንቦ፣ አንዳንዴም ወፍጮ ተሸክመው በእግራቸው ይከተላሉ። ሲሰፈር የበቅሎዋ ባለቤት ታርፋለች፤ ተሸክመው የመጡት ውሃ ሊቀዱ ይወርዳሉ። ስለ ቀድሞው ጉዞ ሲወራ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ይህ ክፍፍል ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በነገሥታቱ ሰፈር ነው። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው ድንኳን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገሩ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲሽኮ አልቫሬሽ፣ በየሰፈሩ ድንኳኑ ሁሉ በታወቀ ቦታው እንደሚተከል፣ ታቦታቱም አብረው እንደሚጓዙ ጽፏል። ሰፈሩ በተነቀለ ቁጥር ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ገበያው አብረው ይነቀላሉ። መኳንንቱ ሚስቶቻቸውን፣ ልጆቻቸውንና ጭፍሮቻቸውን ይዘው ስለሚከተሉ ዘመቻውም የቤተሰብ ጉዞ ነበር። ልማዱ እስከ ዓድዋ ዘልቋል። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የዘመተው ጦር እቴጌ ጣይቱንና ቁጥራቸው ብዙ የሆኑ ሴቶችን ይዞ ነበር። በውጊያው ቀን የካቲት 23 ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያቀበሉት እነርሱ ናቸው። ዱቄት የፈጩት፣ እንጀራ የጋገሩት፣ ቁስል ያጠቡትም እንዲሁ።

በመንገድ የሚያጋጥመው ሕመም የታወቀ፣ መድኃኒቱም አብሮ የሚያዝ ነበር። ለባዶ እግር ዋናው ጠላት እሾህ ነው። ስለዚህ ወረንጦ ከቢላዋው አፎት ጋር ወይም በአንገት ማተብ ላይ ታስሮ ይያዛል። ሴቶች ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ እንደ ጌጥ በአንገታቸው ያንጠለጥሉ ነበር፤ ዛሬ በጥንታዊ ዕቃ መሸጫዎች እንደ ሐብል የሚሸጠው ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ተረከዝ በቅቤ ወይም በሞራ ይታሻል። ከፀሐይ የተነሣ ራስ ምታት ሲመጣ ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በትግራይ ሲኖር እንደ አገሬው ጸጉሩን ተሠርቶ ቅቤ ይቀባ፣ በባዶ እግሩም ይሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ኑሮው በሰፊው አውርቷል።

ቅባት የበላ ሰው በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከወጣ ምች ይመታዋል የሚለው እምነት የመንገደኛውን አበላል ይቆጣጠር ነበር፤ ወጥ የሚበላው ማታ ነው፣ ቀን ቆሎና በሶ ይበቃል። ምች ከመታ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ከስንቁ ጋር ይቋጠራሉ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የተለመደው የኮሶ መጠጣት ግን ለመንገድ የሚሆን አይደለም። ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱ እስኪጠራ ከቤቱ ስለማይወጣ ጥንቁቆቹ ከጉዞ በፊት ወይም ከተመለሱ በኋላ ይጠጡት ነበር። እግሩ የወለመው ወይም ከበቅሎ የወደቀው በአቅራቢያው መንደር ወጌሻ ይፈለግለታል።

ሲመሽ መንገደኛው ወደ መንደር ጠጋ ብሎ «ቤት ለእንግዳ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ከተባለ ገባ ማለት ነው። ወዲያው የሚቀርብለት የእግር ውሃ እንጂ ምግብ አይደለም። ውሃው ለብ ይልና በገበቴ ይቀርባል፤ የቤቱ ልጅ፣ ገረድ፣ አንዳንዴም ራሷ እመቤቲቱ ዝቅ ብላ ከጉልበት በታች እያሸች ታጥባለች። ታጥባ ስትጨርስ እግሩን መሳም በብዙ ቦታ የተለመደ ነበር። የዚህ ልማድ ጥቅም ከአክብሮት ያለፈ ነው። እግር ሲታጠብ ቁስሉ፣ እሾሁ፣ እብጠቱ ይታያል፤ ሙቁ ውሃና እሸታው ደግሞ የተጓዘበትን ጡንቻ ያፍታታል። ከእግር ውሃው በኋላ እራት፣ ከእራት በኋላ መደብ ወይም ቁርበት ይሰጠዋል። በቅሎውም ገፈራውን አያጣም።

ልማዱን ያጸናው ሃይማኖት ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስቱን እንግዶች ተቀብሎ እግራቸውን እንዲታጠቡ ውሃ ያስመጣበት የኦሪት ታሪክ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሥላሴ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይም ተሥሏል። በጸሎተ ሐሙስ ጳጳሱና ካህኑ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በላሊበላ የገና በዓል ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ምእመን የከተማው ሰው ተቀብሎ እግሩን የማጠቡ ልማድ እስካሁን አልተቋረጠም። በሙስሊሙ ዘንድ መንገደኛ ለጸሎት ውዱ ሲያደርግ እግሩን ስለሚያጥብ የገላ እንክብካቤው በዕለቱ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ሸሪዓው ለመንገደኛ ጸሎት እንዲያሳጥር፣ በረመዳንም ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውር ይፈቅዳል። በባሌ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚሄዱ የዚያራ ተጓዦች ጫፉ ባላ የሆነ ዱላቸውን ይዘው በመንገዱ ያሉ መንደሮች እያስተናገዷቸው ይጓዙ ነበር።

የተሳለ ሰው ግን በተቃራኒው ገላውን ሆን ብሎ ያደክማል። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ድንጋይ ተሸክሞ ወይም በባዶ እግሩ ዳገቱን የሚወጣ አይጠፋም። ስእለቱ የሚፈጸመው በድካሙ ስለሆነ ማረፊያው የሚመጣው ከንግሡ በኋላ ነው።

የእንግድነት ሥርዓት ሌላ ገጽም አለው። በውዴታ የተጀመረው መስተንግዶ በመንግሥት ትእዛዝ ሲሆን ድርጎ ይባላል። የንጉሡ እንግዳ ወይም መልእክተኛ በሚያልፍበት አገር ገበሬው እንጀራ፣ በግ፣ ማርና የበቅሎ መኖ ማቅረብ አለበት፤ ቀደም ሲል የተነሣው አልቫሬሽ የመጣበት ቡድን ጓዝም ከአገር አገር በገበሬ ትከሻ ተሸጋግሯል። ከዚህ የከፋው የወታደር ምሪት ነበር። በገበሬ ቤት የተመራ ወታደር ምርጡን መደብ ይይዛል፣ እግሩን ያሳጥባል፣ ጎተራውን ያራቁታል። አፄ ምኒልክ ክፉ ቀን ከተባለው ረሃብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት የተባለውን ግብር የደነገጉት ይህን የወታደር ቀለብ ጫና በታወቀ ልክ ለመተካት ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በሀብታም ቤት ገበቴውን ይዘው የሚንበረከኩት ብዙዎቹ ባሪያዎች እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው።

ጉዞው ተፈጽሞ ቤት ሲገባ ሥራው አላበቃም። ልብሱ በወንዝ ዳር በእንዶድ ይታጠባል፤ ቅማልና ቁንጫ ይዞ የመጣ ጋቢ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሴቶች ጸጉራቸውን ፈትተው፣ ታጥበው፣ እንደገና ተሠርተው ለጋ ቅቤ ይቀባሉ። በወሎና በሰሜኑ የወይባ ጢስ መሞቅ የሙሽራና የአራስ ወግ ቢሆንም ብርድ የገባበትን ገላ ለማፍታታትም ይደረጋል። ዘመድና ጎረቤት «እንኳን በደህና ገባችሁ» ሊል ይመጣል። ቡና ይፈላል፤ ከመንገዱ የመጣ ቁራሽም ለሁሉም ይደርሳል። ይህ ጥየቃ ለመንገደኛዋ እመቤት ዕረፍት ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ እንጀራ መጋገሩ በዚያው ቀን ይቀጥላልና።

አቅም ያለው፣ ወይም በሽታ የጠናበት፣ ከዚህ በኋላ ፍልውሃ ይወርዳል። በጎንደር በኩል የዋንዛዬ ፍልውሃ፣ በሸዋ የአምቦና የፊንፊኔ ምንጮች የታወቁ ነበሩ። ፊንፊኔ የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት ሆራ ነበር። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ብርዳማ ተራራ ላይ በነበረበት ጊዜ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ እየወረዱ ይታጠቡበት ጀመር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ በአካባቢው ቤት እንዲሠራ አድርገው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። የአገሪቱ ዋና ከተማ አመሠራረት ስለዚህ ከገላ እንክብካቤ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ የእንጦጦ እንጨት ማለቅና የሌሎች ምክንያቶች ድርሻ እንዳለ ሆኖ። ፍልውሃ የሚወርድ ቤተሰብ ስንቁንና ድንኳኑን ይዞ ቀናት ይሰነብታል። ከውሃው የወጣ ሰው ንፋስ እንዳይመታው በጋቢ ተጠቅልሎ ያልበዋል፣ ሾርባ ወይም አጥሚት ይጠጣል፣ በዚያ ቀን መንገድ አይወጣም። በኋላ የሶደሬና የወንዶ ገነት ፍልውሃዎች ሆቴል ሲሠራባቸው ሥርዓቱ ወደ መዋኛና ወደ ሽርሽር ተለወጠ። የአምቦ ውሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ተሞልቶ ወደ ሰው መሄድ ጀመረ።

የድሮው ድልድል የተናጋው ምግብና መኝታ በገንዘብ መሸጥ ሲጀምሩ ነው። ለእንግዳ እንጀራ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍቱ፣ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው እንደነበርና ምኒልክ ራሳቸው በልተው በመክፈል እንዳስለመዷቸው ይነገራል። ሌላው ለውጥ ከባሕር በኩል መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ ለብዙ ዓመታት በቀን ብቻ ይሄድ ስለነበር ተሳፋሪው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች የእግር ውሃ በቧንቧ፣ እራቱ በቡፌ፣ አልጋው በሒሳብ ሆነ። አቅም የሌለው ከነስንቁ ጣቢያው ዳር ይተኛል። ሳምንታት የሚወስደው የበረሃ መንገድ ወደ ሦስት ቀን ሲወርድ የስንቁም መጠን አብሮ ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠሩት መንገዶች፣ ጣርማ በርን በዋሻ የበሱት ጭምር፣ ከነፃነት በኋላ የአውቶቡስ መስመር ሆኑ። አውቶቡሱ አዲስ ሕመም ይዞ መጣ። በቅሎ ላይ የማይታወቀው የጠመዝማዛ መንገድ ማቅለሽለሽ በሎሚ ይታከማል፤ ሎሚውን ማሽተት ወይም መምጠጥ ዛሬም ያልቀረ ነው። መስኮት ሲከፈት «ብርድ ይመታናል» የሚለው ክርክር የምች ፍርሃት ቅጥያ ነው። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ እግር ማበጥ ለእግረኛው ያልነበረ፣ ለተሳፋሪው የመጣ ችግር ሆነ። አውቶቡሱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ሲመሽ በየከተማው ስለሚያድር ከሲራራው የወረሰው ልማድ አለ፤ ደብረ ማርቆስ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በዚህ የተነሣ አልጋ ቤት የበዛባቸው ከተሞች ሆነዋል። ዘመድ ያለው ግን አልጋ አይከራይም፤ አገልግሉን ይዞ ወደ ዘመዱ ይሄዳል።

የቤተሰብ ጉዞ በዚህ ዘመን ይበልጥ የዓመት በዓል መልክ ያዘ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚነግደው ጉራጌ መስከረም ላይ ሱቁን ዘግቶ ከነልጆቹ ለመስቀል ወደ አገሩ መግባቱ ከሁሉ የታወቀው ነው። በዚያ የሚጠብቀው ክትፎ፣ ቆጮና የዓመቱ ቅቤ ነው፤ ሲመለስም ቆጮና ቅቤ ተጭኖለት ነው። ስንቁ አቅጣጫውን የለወጠው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ለመንገድ ይያዝ የነበረው ከመንገድ በኋላ ለሚኖርበት ቤት የሚያዝ ሆነ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ከጀመረ በኋላ፣ በተለይም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ብዙ ሕዝብ ወደ ውጭ ሲሰደድ፣ ይኸው ስንቅ ውቅያኖስ ተሻገረ። ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዓረብ አገሮች በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ይገኛሉ። የሚያሰናዷቸውም በአብዛኛው እንደ ቀድሞው እናቶች፣ እህቶችና አክስቶች ናቸው፤ በገበያ የታሸገ በሶና ዳቦ ቆሎ ከመጣ ወዲህ ግን የሥራው ከፊል ወደ ሱቅ ተዛውሯል። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመዱ ተሰብስቦ ይቀበለዋል፤ እግሩን ግን የሚያጥብለት የለም። ሻወር ይወስዳል፣ የሰዓት ልዩነቱ ያደከመው ገላው ሳያርፍ በየዘመዱ ቤት ለምሳና ለእራት ይጠራል፤ አልሄድም ማለት ያስቀይማል።